በሞተር ክፍሉ በር ላይ የተገኘው ነጠላ ጫማ

የምስክር ቃል

ጉዳዩ፦ «ላምባራ ጃያ» በተባለችው የጭነት መርከብ ላይ ስለደረሰ የሞት አደጋ
የምስክሩ ስም፦ ላ ጃሙ
ዕድሜ፦ 44 (በእናቱ ግምት)
ሥራ፦ በመርከቡ የሞተር ክፍል ዘይት አጠጪ
አድራሻ፦ ባውባው፣ ከወደቡ ጀርባ፣ ከዓሣ ማድረቂያው ቀጥሎ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ጊዜ፦ የወደቡ ፖሊስ ምርመራ ክፍል፣ ሐሙስ ኦክቶበር 9 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ኢንስፔክተር ሙስታሪ
ማስታወሻ፦ ምስክሩ መጻፍ እንደሚችል ገልጾ አጥብቆ ስለጠየቀ ቃሉን በገዛ እጁ እንዲጽፍ ተፈቅዶለታል።

ከሱራባያ እስከ ሶሮንግ ባለው ባሕር ላይ እኔን የማያውቅ ሞተር የለም። ረዳት ኢንስፔክተሩ ይህን ከትከሻዬ በላይ አንብበው ቃሌ መሐላ ያለበት መሆኑን ስላስታወሱኝ፣ ከማካሳር እስከ ባውባው ባለው ባሕር ይባልልኝ። ሞተሩም አንድ ነው፤ የላምባራ ጃያ ሞተር። እሱ ግን በእርግጥ ያውቀኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሥሩ አልተለየሁም፤ ሳል ሲጀምረውም ከሚስቴ ሳል ቀድሜ የምሰማው የእሱን ነው።

ቃሌን የምሰጠው ዋና መሐንዲሳችን ዳኤንግ ሲታባ ባለፈው ሰኞ ኦክቶበር 6 ቀን፣ ሰው በሞተር ክፍል ውስጥ እያለ የእሳት ማጥፊያውን ጋዝ ለቀው የሥራ ባልደረባዬን አምቦ ቱዎን ለሞት ዳርገዋል ተብለው በዚሁ ጣቢያ ስለታሰሩ ነው። ይህ ጋዝ እሳት የሚያጠፋው አየር በመንጠቅ ነው። እሳትም ሰውም የሚኖሩት በአንድ አየር ስለሆነ እሱ አይለይም። ኢንስፔክተሩ ብዙ ነገር አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ዳኤንግ የጋዙን እጀታ በሳቡ ጊዜ በሞተር ክፍሉ በር ላይ ነጠላ ጫማ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚል ነው። ከነበረ ዳኤንግ ማየት የሚገባቸውን ሳያዩ ሰው ገድለዋል፤ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። ካልነበረ ደግሞ ዳኤንግ ማድረግ ያለባቸውን አድርገዋል፤ ጥፋቱ የሌላ ሰው ይሆናል።

ነጠላ ጫማ ከሰው ነፍስ ጋር ምን አገናኘው የሚል ሰው የታችኛውን ኑሮ ማወቅ አለበት። እኛ የሞተር ክፍል ሰዎች ስድስት ሆነን የምንተኛው ከውኃው መስመር በታች ባለች አንዲት ክፍል ነው። መስኮት የላትም፤ መንጋቱን የምናውቀው በሻይ ሽታ ነው። ሥራ ላይ ሞተሩ ስለሚጮህ በእጅ እናወራለን፤ ላ ጃሙ በእጁ ሲያወራም ይዋሻል ይሉኛል። የላይ ሰዎች እኛን አይጥ ይሉናል። እኛ እነሱን የተሰጣ ልብስ እንላቸዋለን፤ ቀኑን ሙሉ ነፋስ ላይ ስለሚውሉ። እያንዳንዳችን ሁለት ጫማ አለን። አንደኛው ዘይት የጠገበ ቦት ነው፤ ከብረት በሩ በስተውስጥ በመሰላሉ ራስ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ውጭ አይወጣም። ሁለተኛው ነጠላ ጫማ ነው፤ በበሩ ደፍ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ታች አይወርድም። ነገሩ የተጀመረው ለንጽሕና ነበር። ወጥ ሠሪያችን ኮስማስ በወጥ ቤቱ አጠገብ የዘይት ዱካ ካየ የዚያን ቀን ሩዙ ያርራል፤ እሳቱ ነው ይላል፤ እኛ ግን እናውቀዋለን።

በኋላ ጋዝ ሊለቀቅ ሲል ታች ያለውን ሰው የሚያስጠነቅቀው ደወል ሞተ። ባለንብረቶቹ በሚቀጥለው ጉዞ ይሠራል፣ በሚቀጥለው ጉዞ ይሠራል ሲሉ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ዳኤንግ ሲታባ ያኔ ሁላችንንም በሩ ላይ አቁመው እንዲህ አሉን፦ «ከዛሬ ጀምሮ ሰው የምቆጥረው በጫማ ነው። ጫማ ካለ ሰው አለ፣ ጫማ ከሌለ ሰው የለም። የሌላውን ጫማ የነካ ከእኔ ጋር አይሠራም።» ከዚያ ወዲህ በመርከባችን ሲጋራ ይሰረቃል፣ ሳሙና ይሰረቃል፣ የመታጠቢያ ተራ ይሰረቃል። ኮስማስ የቅዱሳን ሥዕል ጠፍቶበት ሦስት ቀን አላነጋገረንም። ጫማ ግን አይነካም።

ስለ ዳኤንግ ሌላም ነገር እዚህ ላይ መጻፍ አለብኝ። ማታ ትምህርት ቤት የላኩኝ እሳቸው ናቸው። አምና መርከቧ ለጥገና ሰባት ወር መሬት ላይ በተቀመጠች ጊዜ ጠርተውኝ፣ «አንተ የግፊት መለኪያውን የምታነበው በመልኩ ነው፤ አንድ ቀን ቀኑ ጨልሞበት ሲስቅ ያየኸው ይመስልህና ታፈነዳናለህ» አሉኝ። ሄድኩ። ከሃያ ሦስት ተማሪዎች አንደኛ ወጣሁ። ሃያ ሁለቱ ሴቶች ስለነበሩ መምህርቷ ከወንዶች አንደኛ ብለው ጽፈውልኛል።

አምቦ ቱዎ የቦኔ ሰው ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር፤ አላህ ይማረው። ከእኔ አልጋ በታች ያለችው አልጋ የእሱ ነበረች። ንግግሩ ዝግ ያለ ነው፤ ሰላምታ ጀምሮ እስኪጨርስ ሻይ ይበርዳል፤ ሲጨርስ ግን ነገሩ ይገባል። ለአረፋ በዓል አረንጓዴ ነጠላ ጫማ ገዝቶ ነበር። ማታ ሲተኛ ከራስጌው ያደርገዋል። ጫማውን ካገባኸው ለሚስትህ ንገራት ብዬ ብቀልድበት አሰበ፣ አሰበና፣ «የመረጠችልኝ እሷ ናት። አንተን የመረጠህ ማነው?» አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ። በእኔ ላይ እንዲህ የሚመልስ ሰው በመርከቧ ላይ እሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ዕዳ እንዳለብኝ ቆጠርኩት፤ በቀልድ የሚከፈል።

እሑድ በዓሉ ነበር። መርከባችን ሲሚንቶና የብረት ቱቦ ጭና ከቅዳሜ ጀምሮ ከባውባው ወደብ ፊት ለፊት መልሕቅ ጥላ ተራ ትጠብቅ ነበር። ሰኞ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት ላይ ካፒቴኑና ዘጠኝ ሰዎች በጀልባ ወደ ከተማ ወጡ። አምቦ ቱዎ ከእነሱ ጋር ወጣ፤ ስሙም ዳኤንግ በያዙት የወጡ ሰዎች ዝርዝር ላይ ነበረ። የእሱ አገር ሩቅ ስለሆነ ወደ እኔ ቤት ሄደህ ብላ ብዬው ነበር። እኔ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ታች የመቆየት ተራ ስለነበረኝ ቀረሁ። ወጥ ሠሪው ኮስማስና ዳኤንግም ቀሩ። ሁለት የላይ ሰዎችም ነበሩ፤ በክፍላቸው ተኝተው ጭሱ እስኪቀሰቅሳቸው ድረስ አልወጡም።

ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ላይ አምቦ ሳይጠበቅ ተመለሰ። አንድ ዓሣ አጥማጅ በታንኳው አምጥቶ በመርከቧ ጎን ካለው መሰላል ሥር አውርዶት ሄደ። ዳኤንግ ሰግደው ጋደም ብለው ስለነበር መመለሱን አላዩም። ኮስማስም ወጥ ቤት ነበር። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ምክንያቱም ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ነው የወረደው። ባለቤቴ የላከችልኝን በቅጠል የተጠቀለለ የበዓል ሩዝና የተጠበሰ ዶሮ ይዞልኝ መጣ። ከተማው ሞቆኝ ነው የተመለስኩት አለኝ በእጁ። የሞተር ክፍሉ ሙቀት አርባ አምስት ዲግሪ ነበር። ሳቅን።

ዶሮውን ከጨረስኩ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በእኔ ቦታ እንዲቆይልኝ ጠየቅሁት። የስልክ መስመር የሚይዘው በመርከቧ አፍንጫ ላይ ብቻ ነው፤ በኬንዳሪ ለምትማረው ልጄ በገዛ እጄ የመጀመሪያውን መልእክት ልጽፍላት ፈልጌ ነበር። አምቦ ሂድ አለኝ። ከ8፡30 በኋላ መሰላሉን ወጣሁ። በሩ ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ ነበረ፤ ማሰሪያው በሽቦ የተጠገነው የእኔ ጥቁርና የአምቦ አረንጓዴ። እዚህ ላይ ጥፋቴን አልደብቅም። የሰው ጫማ ነካሁ። አምቦ ሲወጣ የእኔን ባለ ሽቦ ጫማ አግኝቶ ሲናደድ ለማየት ብዬ አረንጓዴውን ተጫምቼ፣ ጥቁሩን በቦታው ትቼ ሄድኩ። ቀልደኛ ነኝ እንጂ ደንብ የማላውቅ አይደለሁም። ጫማ ካለ ሰው አለ፤ የማንም ይሁን የማን፣ ቁጥሩ አንድ ነው። ፖሊስ በኋላ ያነሳው ፎቶግራፍም ጥቁሩ ጫማ በደፉ ላይ ጎን ለጎን መቀመጡን ያሳያል።

በመርከቧ አፍንጫ ላይ መልእክቱን ስጽፍ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። የጻፍኩት፣ «እኔ አባትሽ ነኝ። ሰው አልጻፈልኝም» የሚል ነው። ከላክሁት በኋላ ቀና ስል ከኋላ ጥቁር ጭስ አየሁ። ሰዓቱ 9፡10 ይሆናል። በኋላ እንደታወቀው የጄኔሬተሩ የነዳጅ ቱቦ ተሰንጥቆ በጋለው ብረት ላይ ፈስሶ ነው። ዳኤንግ በሽርጣቸው ሮጠው ሲወጡ አየኋቸው። እሳቸውም እኔን አዩኝ። እጄን እያውለበለብኩ አምቦ ታች ነው ብዬ ጮህኩ። በመካከላችን ሰባ ሜትር የብረት ቱቦ ክምር ነበረ፤ ነፋሱም ወደ እኔ ነበር። እሳቸው ያዩት ታች መሆን የሚገባው ሰው ከላይ ቆሞ እጁን ሲያውለበልብ ነው። ደኅና ነኝ የምላቸው መስሏቸዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የሰማሁት ከኮስማስ ነው። ዳኤንግ እሱን በስተግራ ያሉትን የአየር መግቢያዎች እንዲዘጋ ላኩት፤ የቀኙን ራሳቸው ዘጉ። ወደ በሩ ሄደው ሲያጎነብሱ ከሩቅ አይቷቸዋል፤ ወለሉን ግን እሱ ካለበት ማየት አይቻልም። ሁለት ጊዜ ወደ ታች ተጣርተዋል። ጄኔሬተሩ ገና ይጮህ ነበር። መልስ አልሰሙም። በሩን ዘጉ፤ እጀታውን ሳቡ።

እኔ የደረስኩት ጋዙ በቱቦው ውስጥ ሲያፏጭ ነው። በቱቦዎቹ ክምር ላይ ሁለት ጊዜ ወድቄ ጉልበቴ ደምቶ ነበር።

«አምቦ ታች ነው» አልኳቸው።

«አምቦ ከተማ ነው።»

«ተመልሷል ዳኤንግ። በእኔ ቦታ ነው ያለው።»

አልጮሁም፤ አልሰደቡኝም። የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው፤ ሲሄዱም ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የመተንፈሻ ጭንብል ያለበትን ሣጥን በእግራቸው መትተው ከፈቱት። ከሁለቱ ሲሊንደሮች አየር ያለው አንደኛው ነበር፤ እሱም የአሥር ደቂቃ። ወገባቸው ላይ ገመድ አሰሩና ጫፉን እጄ ላይ ጠመጠሙት። «ሁለቴ ከሳብኩ ጎትት። ካልሳብኩ አትከተለኝ፤ ሁለት ሬሳ ይበቃል» አሉኝ። ኮስማስን ወደ ሬዲዮው ላኩት። ከዚያ በሩን ከፍተው ወረዱ። እኔ ገመዱን ይዤ በሩ ላይ ቀረሁ። ገመዱ ሲሄድ፣ ሲቆም፣ እንደገና ሲሄድ በእጄ ይሰማኝ ነበር። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ኮስማስ ስድስት ነው ይላል። ሁለቴ ተሳበ። ጎተትኩ። ዳኤንግ አምቦን በጀርባቸው ተሸክመው በመሰላሉ ብቅ አሉ።

የመርከቡ ወለል ላይ አስተኛነው። ደረቱን ተጫንኩ፤ ኮስማስ በራሱ እስትንፋስ ሊሰጠው ሞከረ፤ ዳኤንግ በጆሮው ስሙን ይጠሩት ነበር። ከ10፡00 ሰዓት በፊት መሞቱን ሦስታችንም አወቅን፤ ግን ማንም ማቆም ስላልፈለገ ቀጠልን። ዳኤንግ ያገኙት የነዳጁ መዝጊያ ሥር ነው። መዝጊያውን ዘግቶታል። ሊሸሽ ይችል ነበር፤ መሰላሉ ከዚያ አሥር እርምጃ ነው።

ከዚያ ዳኤንግ ወደ በሩ ተመልሰው ደፉ ላይ ተቀመጡ። ጭንብሉን ከአንገታቸው ሲያወልቁ ዓይናቸው ጥቁሩ ጫማ ላይ አረፈ። ብዙ ጊዜ አዩት።

«ይህ እዚህ ነበረ?» አሉኝ።

«ነበረ ዳኤንግ» አልኳቸው።

የፖሊስ ጀልባ 10፡30 ላይ መጣ። ፎቶግራፍ ተነሳ። ዳኤንግ ሲጠየቁ መጀመሪያ በሩ ላይ ጫማ አልነበረም አሉ። እኔ ግን ነበረ አልኩ፤ ፎቶግራፉም ደገፈኝ። እሳቸው ታሰሩ።

ዛሬ ጠዋት 2፡30 ላይ ቃሌን ለመስጠት ስመጣ ዳኤንግን በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘኋቸው። ጠባቂው ደግ ሰው ስለሆነ አጠገባቸው እንድቀመጥ ፈቀደልኝ። የአምቦን አስከሬን ማን እንዳጠበ ጠየቁኝ። እኔና የባለቤቴ ወንድም ነን አልኳቸው። ወደ ቦኔ በየትኛው መርከብ እንደሄደ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሚስቱ ታውቃለች ወይ አሉኝ፤ ታውቃለች አልኩ። ከዚያ ቃሌን በገዛ እጄ ልጽፍ መጠየቄን ከጠባቂው መስማታቸውን ነገሩኝ፤ ደስ አላቸው። ወላሂ፣ እጃቸው በሰንሰለት እያለ ደስ አላቸው። ቀጥለው የተናገሩትን ቃል በቃል እጽፋለሁ፦

«ላ ጃሙ፣ ዓይኔን ስጨፍን ያን በር አየዋለሁ። ባዶ ነው። አሥር ጊዜ ብጨፍን አሥር ጊዜ ባዶ ነው። ግን አንተ አስቀምጬ ነበር ካልክ፣ ፎቶውም ካለ፣ እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ያመንኩት ዓይን ነው የዋሸኝ። ዛሬ ጥፋቴን እፈርማለሁ። ከእንግዲህ ሰው ከሥሬ እያለ እጀታ ልይዝ አልችልም።»

አይዞዎት ዳኤንግ አልኳቸው። ከዚያ ስሜ ተጠራና ወደዚህ ክፍል ገባሁ።

ኢንስፔክተሩ ከላይ የጻፍኩትን አራት ገጽ አንብበው ጥሩ ነው አሉኝ። ቀጥሎ የሰጠሁት ቃል በሙሉ እውነት መሆኑን፣ ማንም እንዳላስገደደኝ፣ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ ጽፌ እንድፈርም አዘዙኝ። ማንም አላስገደደኝም። በሕግ እንደምጠየቅም ገብቶኛል። በሙሉ እውነት ነው የሚለውን ግን ልጽፈው ብዕሩን ሦስት ጊዜ አንስቼ አልሆነልኝም። ድሮ በአውራ ጣቴ ስፈርም ሌላው የጻፈውን ነበር የምፈርመው፤ ይሄኛው የራሴ ጽሕፈት ነው። ስለዚህ እንዲህ ይጻፍልኝ፤ ከአንድ ነገር በቀር በሙሉ እውነት ነው።

ጥቁሩን ጫማ በሩ ላይ ትቼ አልሄድኩም። ተጫምቼው ነው የሄድኩት። አረንጓዴውን በብብቴ ይዤ ነበር፤ አምቦ ሲወጣ በፀሐይ በጋለው ብረት ላይ በባዶ እግሩ ሲዘል ላየው ነበር ሐሳቤ። በሩ ላይ ምንም ጫማ አልቀረም። ዳኤንግ ወደ ታች ሲወርዱ፣ ኮስማስም ወደ ሬዲዮው ሲሮጥ፣ ብቻዬን ቀረሁ። ያኔ ገመዱን በግራ እጄ እንደያዝኩ ጥቁሩን ከእግሬ አውልቄ ደፉ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ፤ የአምቦን አረንጓዴ አጠለቅሁ። ገመዱ ሁለቴ ሲሳብ አንደኛውን ገና እያስተካከልኩ ነበር።

ዳኤንግ ሲታባ እጀታውን ከመሳባቸው በፊት በሩን አይተዋል። በሩ ባዶ ነበር። ዓይናቸው አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ላ ጃሙ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ረዳት ኢንስፔክተር ሙስታሪ
የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 5፡50